ጠዋቴን ያላየው ሐኪም

ደብዳቤው የመጣው ማክሰኞ ነው። ያን ቀን ጣቶቼ ፖስታ የሚቀድዱ አልነበሩምና እህቴ ከፍታ አነበበችልኝ።

«የአካል ጉዳት አበል ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም» ይላል። ቀጥሎ ምክንያቱ፦ «አመልካቿ በምርመራው ወቅት ቦርሳቸውን ራሳቸው ከፍተው መታወቂያ አውጥተዋል። ጣቶቻቸውን አጥፈው ዘርግተዋል። ቀላል ሥራ መሥራት ይችላሉ።»

የቦርሳዬን ዚፕ የከፈትኩት በጥርሴ ነው። የመረመረኝ የአበል ቦርዱ ሐኪም አይቶኛል። እንዲያውም ፈገግ ብሏል።

አሥራ አንድ ዓመት የደንብ ልብስ በሚሰፋ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ጓደኞቼ «መርፌ» ነበር የሚሉኝ፤ ቀጭን ስለሆንኩም፣ እጄ ፈጣን ስለነበረም። ኋላ ላይ የጣቶቼ መገጣጠሚያዎች ያብጡ ጀመር። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት እንደ እንጨት ድርቅ ይሉና ቀትር ላይ ይለቁኝ ነበር። ቀስ በቀስ መቀስ መያዝ አቃተኝ። ከዚያ ክር ማስገባት። አለቃዬ «እስቲ ትንሽ እረፊ» አለኝ፤ ከዚያ እረፍት የሚጠራኝ ሰው አልመጣም።

«ቀላል ሥራ» አለች እህቴ ደብዳቤውን እያጠፈች። «ጠዋት የልብስሽን ቁልፍ የምቆልፍልሽ እኔ፣ ፀጉርሽን የማበጥርልሽ እኔ። ይምጡና ቀላሉን ሥራ ያሳዩን።»

ከደብዳቤው ግርጌ በደቃቅ ፊደል፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት እንደሚቻል ተጽፏል። ሕመሙ ከመቼ ጀምሮ እንደነበረ የሚያሳይ የሕክምና ማስረጃ ግን ያስፈልጋል። ማስረጃው የት እንዳለ አውቅ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት በትልቁ ሆስፒታል አንዲት ሐኪም ሁለት ዓመት ሙሉ ተከታትላኛለች። ካርዴ እዚያ ነው።

ሄድኩ። «ካርድሽ የለም፤ ነገ ነይ» አሉኝ። በነጋታው ስሄድ «ከነገ ወዲያ» አሉኝ። ከነገ ወዲያው ሲደርስ «ጠፍቶ ይሆናላ» አለችኝ አንዷ፣ ጥፍሯን እያየች። ከሠላሳው ቀን አራቱ እንዲሁ አለቁ።

በአምስተኛው ቀን የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ሌላ ሰው አገኘሁ። ረጅም ነው፤ እጅጌውን ሰብስቧል፤ ፀጉሩ ላይ የወረቀት አቧራ አለ። ውሎው ምድር ቤት፣ በአሮጌ ካርዶች መሃል ስለሆነ ባልደረቦቹ «አይጡ» እንደሚሉት የሰማሁት በኋላ ነው።

የሚሞላ ቅጽ ሰጠኝ። እስክሪብቶውን በጭብጤ ያዝኩት፤ ወረቀቱ ግን ተንሸራተተ። ሌላው ሰው «አይዞሽ» ይላል፣ ወይም ነጥቆኝ ይሞላልኛል። እሱ እጁን በመስኮቱ አሾልኮ የወረቀቱን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ያዘልኝ፤ እስክጨርስም ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ ቆየ። እሱ ባያየኝም እኔ አየሁት።

«የአባትሽ ስም እንዲህ ነው የሚጻፈው?» አለኝ ቅጹን እያነበበ።

«እንዲህ ነው።»

«ድሮ የመዘገበሽ ሰው አሳስቶት ከሆነ ከሌላ ፊደል ስር ነው የምትገኚው። ሁለት ቀን ስጪኝ።»

በሁለተኛው ቀን ካርዴን በሁለት እጁ ይዞ ጠበቀኝ። «አንድ ፊደል ነው የደበቀሽ» አለኝ። ግልባጩን የክፍሉ ኃላፊ ፈርሞ ማኅተም አደረገበት። ካርዴን ያገኘልኝ ሰው ግን፣ የቦርዱን ደብዳቤ አሳይቼው ነበርና፣ ወረቀቱን እያቀበለኝ አንድ ነገር ጠየቀ።

«የቦርዱ ሐኪም ያየሽ ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት።»

«ጠዋትሽን አላየውማ።»

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የመጣብኝ እንባ አልነበረም፤ ንዴት ነበር። ማመልከቻ ካስገባሁ ስምንት ወር ሆኖኛል፤ ስንት ቢሮ ገብቻለሁ፤ ስንት ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው አይቶኛል። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም ነበር። አንድ ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ይበቃል፤ የጠየቀኝ ደግሞ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው።

ያን ጊዜ ያከሙኝ ሐኪም ጡረታ ወጥተው ከከተማው ዳር አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን እንደሚሠሩ ያጣራልኝም እሱ ነው። ቅዳሜ አብሬሽ ልሂድ አለኝ።

«ለምን ትደክማለህ?»

«በሩ ከባድ ቢሆንስ? ማን ይገፋልሻል?»

በሩ ቀላል ነበር። ያም ሆኖ ገፋው።

ሐኪሟ መነጽራቸውን አውልቀው እጆቼን ተቀበሉ። «ፊትሽን ረስቼዋለሁ፤ ይህን አውራ ጣት ግን አልረሳሁትም» አሉ። የቦርዱን ደብዳቤ ሁለቴ አነበቡት። ጉንጫቸው ቀላ። «ነገ እሑድም ቢሆን በጠዋት፣ አንድ ሰዓት ላይ ነይ። እኔም ቀድሜ እገባለሁ።»

በማግስቱ በጠዋት ጣቶቼን አንድ በአንድ ለኩ፤ ራጅ አዘዙ፤ ብርጭቆ አስይዘውኝ ሲወድቅ መዘገቡ። ከሳምንት በኋላ ሦስት ገጽ ጽፈው ሰጡኝ። በመጨረሻው ገጽ ላይ «ይህችን ሴት በዘጠኝ ሰዓት መርምሮ ደህና ናት ማለት፣ ዝናብ ካባራ በኋላ መጥቶ ጣሪያው አያፈስም እንደማለት ነው» ይላል።

ይግባኙን ካስገባሁ በኋላ ሆስፒታል የሚያመላልሰኝ ጉዳይ አልነበረም። እኔ ግን እመላለስ ነበር። በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ብርቱካን ይልጥና መሃላችን ያስቀምጠዋል፤ አያጎርሰኝም፣ አይመለከተኝም። እኔም በራሴ ጊዜ እወስዳለሁ። አንዳንድ ቀን ቃል ሳንለዋወጥ ሰዓቱ ያልቃል፤ ስነሳ ግን ብዙ እንዳወራን ይሰማኛል።

እህቴ ነገሩ አላማራትም። «ለታመመ ሰው ማዘን ሌላ፣ ከታመመ ሰው ጋር መኖር ሌላ» አለችኝ። ክፋት የላትም፤ ሸክሙን ስለምታውቀው ነው። ቃሏ ግን ውስጤ ገባ። አንድ ቀን አላስችል ሲለኝ ጠየቅኩት።

«አዝነህልኝ ነው?»

ብርቱካኑን አስቀመጠ። «በዚያ ደብዳቤ እናደዳለሁ። አንቺን በተመለከተ ግን፣ ከማታ ጀምሮ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ነው የምጠብቀው። ይህ ሐዘን ከሆነ ስም አንቺ አውጪለት።»

ካስቀመጠው ብርቱካን አንድ ቁራጭ አነሳሁ። ልቤ አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። አበል የተከለከለች፣ ቁልፏን እህቷ የምትቆልፍላት ሴት «እኔም» ብትል ሸክም መጫን መሰለኝ።

ከዚያ ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። «የቀረበው የሕክምና ካርድ የወጣው ከአመልካቿ ጋር የግል ግንኙነት ባለው ሠራተኛ አማካይነት መሆኑ ስለተጠቆመ ተአማኒነቱ አጠራጣሪ ሆኗል» ይላል። ለካ በየምሳ ሰዓቱ ብርቱካናችንን የሚቆጥር ሰው ነበር። ካርዱን ፈልጎ ለማግኘት አንድም የተነሳ አልነበረም፤ ለጥቆማ ግን ጊዜ አልጠፋም።

እሱንም፣ ነገሩን አጣርተው እስኪጨርሱ፣ ከካርድ ክፍል አንስተው የልብስ ማጠቢያ መጋዘን ወረወሩት። አንሶላ ሲቆጥር አገኘሁት።

«ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ አንገናኝ» አልኩት።

«ጥፋታችን ምንድን ነው?»

«ምንም። ግን በእኔ የተነሳ ከሥራህ ብትባረር በምን እጄ ላነሳህ?»

«ደህና» አለ። አንሶላውን ከመጀመሪያው ይቆጥር ጀመር። አምስት ሳምንት አልተያየንም።

ቀጠሮዬን ጠዋት እንዲያደርጉልኝ በጽሑፍ ጠይቄ ነበርና ሦስት ሰዓት ላይ ቀረብኩ። ጠረጴዛው ኋላ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ጥግ ላይ አንዲት ጸሐፊ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። ከቤት ስንወጣ እህቴ «ከጠየቁሽ አላውቀውም በዪ፤ እዚህ ላይ እውነት ምን ያደርግልሻል?» ብላኝ ነበር።

ሰብሳቢው ካርዴን በእስክሪብቶ ጫፍ ገፋ አደረገው። «ይህን ያወጣው ሠራተኛ ምንሽ ነው?»

አላውቀውም ማለት ቀላል ነበር። ግን ይህን ሁሉ ወር እነሱ ያዩትን አላየንም ሲሉ ስናደድ ኖሬ፣ እኔ ደግሞ የማውቀውን አላውቅም ልበል?

«እወደዋለሁ» አልኩ። «ካርዱን ሲፈልግልኝ ግን ስሜንም ያወቀው ከቅጹ ላይ ነው። ጌታዬ፣ እኔ የታመምኩት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። እሱን ያወቅኩት በደብዳቤያችሁ ምክንያት ነው። በደንብ መርምራችሁኝ ቢሆን ኖሮ አንተዋወቅም ነበር።»

ከመሃላቸው አንዷ ሳቋን በወረቀት ሸፈነች። ሐኪሟ ሳይጠሩ ተነሱ። ለምስክርነት ሁለት አውቶቡስ ተሳፍረው ነው የመጡት። «ፊርማው የእኔ ነው፤ ቀኑን እዩት። ልጁ ሆስፒታሉ የተቀጠረው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ሳይቀጠር ነው ወይስ ሳይተዋወቁ ነው ካርዱን የፈጠረው?»

ሰብሳቢው ቀኑን አየ። ቀጥሎ እጄን እንድዘረጋ ጠየቀኝ። ዘረጋሁ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። «ጨብጪ» አለኝ። ጣቶቼ አልተንቀሳቀሱም። ማንም ፈገግ አላለም።

ውጭ እንድንጠብቅ አደረጉን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጸሐፊዋ ወጥታ «ይግባኙ ተቀባይነት አግኝቷል፤ የካርዱም ትክክለኛነት ተረጋግጧል» ብላ አነበበች። እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። እኔ ደስታውም ንዴቱም እኩል መጣብኝ። ጥፋት ስለመሠራቱ፣ ይቅርታ ስለመጠየቅ ውሳኔው አንድም ቃል የለበትም። የጠፋውን አሥራ አንድ ወር ማንም አላነሳውም። ካርድ የሚያወጣላቸው፣ ሁለት አውቶቡስ የሚሳፈርላቸው ሰው የሌላቸው ስንቶቹ ያንን የመጀመሪያ ደብዳቤ አጥፈው ቤታቸው እንደተቀመጡ ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። አንገናኝ ብዬው ነበር። እህቴ አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ «ታክሲ ልፈልግ» ብላ ታክሲ ወደሌለበት አቅጣጫ ሄደች።

«እንዴት ሆነ?»

«ፈቀዱ። ያንተም ስም ነጽቷል። ምንሽ ነው ብለው ጠየቁኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«እወደዋለሁ አልኩ።»

አንገቱ ድረስ ቀላ።

«እኔ ሁለት ወር ሙሉ ስጠብቅ፣ ለእኔ ሳትነግሪኝ ለቦርድ ነገርሽ?»

«ቃለ ጉባኤ ላይ ተይዟል። ጠይቀህ ግልባጩን ውሰድ።»

«አይ» አለ፤ ጠጋ ብሎ እጄን እንደማይሰበር ግን እንደሚያም ነገር በቀስታ ያዘ። «በግልባጭ አልሠራም። ዋናውን ነው የምፈልገው።»

ዋናውን ነገርኩት።