እምዬ ለጀልባ የወጡ ዕለት

«ነገ አንቺ ነሽ የምትናገሪው» አለ አጎቷ መልካሙ፣ የመጨረሻዎቹን የኪራይ ወንበሮች ከባጃጁ ላይ እያወረደ። «እኔ አልችልም። አንቺ አብረሻት ኖረሻል።»

ሔራን የተደራረቡትን ወንበሮች ደረቷ ላይ ደግፋ ቆመች። ክንዶቿ ዝለዋል። የአያቷ የእምዬ ወለተ ጊዮርጊስ የአርባ ቀን ተዝካር ነገ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሽንኩርት ስትልጥና ድስት ስታጥብ ውላለች።

«ምን ልበል፣ ጋሼ?»

«የድሮውን ነዋ። ባሏ ሲሞትባት ሁለት ልጅ ይዛ ከሐይቁ ማዶ ከደልጊ እንደመጣች፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርታ እንዳስተማረችን። የሕመሟን ነገር ግን ተይው። ሰው በዚያ እንዲያስታውሳት አልፈልግም።»

መልስ ሳይጠብቅ ወደ ድንኳኑ ገባ። ልታግዝ የመጣችው ጓደኛዋ ርሆቦት ሁሉንም ሰምታለች።

«አታካብጂ» አለቻት። «ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ጣል ጣል አድርጊና ቁጭ በይ።»

«የድሮዋን እምዬን እኮ አላስታውሳቸውም። ስሞክር የሚመጣብኝ ይሄ ሁለት ዓመት ብቻ ነው።»

እውነቷን ነው። እምዬ መርሳት ከጀመሩ ወዲህ ሔራን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቤት ነበር የምትመጣው። እናቷ እሌኒ ከሥራ እስክትመለስ የምትጠብቃቸው እሷ ነበረች። በአንድ እጇ ደብተር፣ በሌላው የእምዬን ነጠላ ጫፍ ይዛ አጥንታለች። በቀን አሥር ጊዜ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል፤ አሥር ጊዜ ትመልሳለች። የተቀበሩ ዕለት ማንም ሳይቀሰቅሳት እስኪነጋ ተኛች። ስትነቃ ሰውነቷ ቀልሏት ነበር። መቅለሉ ነው ያስለቀሳት።

ወንበሮቹን አስቀምጣ ወደ ማድ ቤት ገባች። እሌኒ ግድግዳ ተደግፋ ምስር ትለቅማለች፤ ዓይኖቿ አባብጠዋል።

«እማ፣ እምዬ ድሮ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«የማትተኛ» አለች እሌኒ። «ፈትል ክፍል ቆማ አድራ፣ ጠዋት መጥታ እኛን ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ከዚያ ደግሞ የሰው ልብስ ታጥባለች። ልጅ ሆኜ እናት የሚባል ሰው እንቅልፍ የማይወስደው ይመስለኝ ነበር። አንቺን ወልጄ ስታመምም አዝላ ያሳደገችሽ እሷ ናት።» ከምስሩ ውስጥ ጠጠር አውጥታ ጣለች። «የሐይቁን ነገር ለመልካሙ ነገርሽው?»

«እሱ መቼ መጥቶ ጠየቀ?»

«እኔም አኩርፌ ነው ያልነገርሁት። አሁን ማኩረፉም ደከመኝ።»

የሐይቁ ነገር የሆነው ሚያዝያ ላይ ነው። ሔራን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ተከፍቷል፤ እምዬ የሉም። እየሮጠች ጣና ዳር ስትደርስ፣ እምዬን ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት ቦታ በባዶ እግራቸው ቆመው አገኘቻቸው። የደረቀ ዳቦ በፌስታል ይዘው አንዱን ባለጀልባ ይለምናሉ።

«ደልጊ አድርሰኝ፣ የኔ ልጅ። ልጆቼን ጥያቸው መጣሁ። እሌኒ ትችለዋለች፤ መልካሙ ግን ርሃብ አይችልም። እኔ ካላጎረስሁት አይበላም።»

ባለጀልባው ግራ ገብቶት ወደ ሔራን ተመለከተ። ሔራን እጃቸውን ያዘች። ቤት እስኪደርሱ ድረስ እምዬ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚሉት፤ «መልካሙ ራበው»።

መልካሙ ግን አዲስ አበባ ነበር። በየእሑዱ ይደውላል፤ አይመጣም። ሔራንም ይህን ለእሱ አልነግርም ብላ ዝም አለች። ላልመጣ ሰው ምን ይደረግለታል?

ወደ ድንኳኑ ስትገባ አጎቷ በባዶ ወንበሮች መሀል ብቻውን ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ለምን ነበር የማይመጡት?»

መልካሙ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያም ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«አምና ጥቅምት መጥቼ ነበር። 'አንተ የማን ልጅ ነህ?' አለችኝ። ስሜን ነገርኋት። 'የኔ መልካሙ አንተ አይደለህም' ብላ ፊቷን አዞረች። ከዚያ በኋላ ፈራሁ። በስልክ እናትሽን መጠየቅ ቀለለኝ።» ከጎኑ ያለውን ወንበር አስተካከለ። «ረስታኝ ሞተች።»

እኔንም በየቀኑ ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔ ግን የትም አልሄድሁም። ይህ ቃል የሔራን ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ብትለው እውነት ነው፤ ያመዋልም። ሔራን ግን አንድ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ጠፍተውብን ነበር» አለች።

ከተከፈተው በር ጀምራ ነገረችው። ዳቦውን፣ ባለጀልባውን፣ እምዬ ያሉትን ሁሉ ምንም ሳትቀንስ ነገረችው። ስሙ ጋ ስትደርስ መልካሙ በመዳፉ ፊቱን ሸፈነ።

«ስሜን ጠራች?»

«ቤት እስክንደርስ ድረስ። እምዬ እኮ የሚፈልጉት ትንሹን ልጅ ነበር። ያላወቁት ትልቁን ሰውዬ ነው።»

ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሔራን ከጎኑ አልተነሳችም። ከውጭ ርሆቦት ከአንድ ሰው ጋር ስትሳሳቅ ይሰማል። መልካሙ ፊቱን ጠረገ።

«ነገ ይህንን ትናገሪዋለሽ?»

«አይ። እርስዎ ይናገሩት።»

«ካቃተኝስ?»

ሔራን ደክሟታል። እግሯ እንኳ የራሷ አይመስላትም። ቢሆንም ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«ካቃተዎት» አለች፣ «አጠገብዎ እቆማለሁ።»