ማሽኑን አጣሁት

ሟቹ መልእክት የላከው ጎህ ሲቀድ ነው። «ሔኖክ ነኝ። ማሽኑን አጣሁት» ይላል።

አሰላ ያለው የገብስ ገበሬዎች ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ መክሊት መልእክቱ ሲደርሳት ለዘበኛው ለኦቦ ጉደታ ደወለች። ሽማግሌው የኮምፒውተር ክፍሉን ሲከፍቱ የኮምፒውተር ባለሙያው ሔኖክ ጭንቅላቱን በብረት ተመትቶ ወድቋል፤ ዋናው ማሽንም ከኤሌክትሪክ ተነቅሏል።

መልእክቱን የሚልከው ሔኖክና ረዳቱ እዮኤል የሠሩት፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፕሮግራም ነው። ሔኖክ ለቀልድ በራሱ ስም አስነገረው፤ ዋናው ማሽን ከኔትዎርክ ካልጠፋ አይናገርም። እንግዲያው ሰውየው የተገደለው ጎህ ሲቀድ ነው ተባለ። ያኔ ግቢው ውስጥ የነበሩት ጉደታ ብቻ! ክፍሉን ማቀዝቀዣ ስላበረደው ሐኪሙም ሰዓቱን መለየት አቃተው። ምስኪኑን ሰውዬ አሰሯቸው።

«ያ ረቢ! አባባ እያለኝ እንዴት እገድለዋለሁ?» አሉ ጉደታ ለኢንስፔክተር ራቢያ። «እስር ቤት ልሙት?»

ራቢያ በእንባ የምትሸነፍ ሴት አይደለችም። ወደ ዩኒየኑ ቢሮ ሄደች።

«ማታ ከመክሊት ጋር ወጥቼ ሳጉሬ ከተማ ቤቴ ገባሁ» አላት እዮኤል። «ሔኖክ ሥራ አለኝ ብሎ ቀረ።»

«አንቺስ ሲቀር አየሽው?» አለች ራቢያ ወደ መክሊት ዞራ።

«ኧረ እኔስ አላየሁትም፣ እዮኤል ነው የነገረኝ» አለች መክሊት። «ብቻ ሔኖክ ስለ አንድ ሠራተኛ ዲግሪ ነገ እነግርሻለሁ ብሎኝ ነበር።»

ራቢያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የእዮኤልን ላፕቶፕ ልታበራ ሞከረች፤ ባትሪው አልቋል። የኔትዎርክ ገመዱ እንደተሰካ ነው፤ ቻርጀሩ ግን ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

«ረስቼው ነው» አለ እዮኤል።

«ፕሮግራሙ ማሽኑን በምን ያውቀዋል?»

መክሊት ቀደመችው። «በየደቂቃው ኔትዎርኩ ላይ ያሉትን አድራሻዎች ይዘረዝርና በ5 የሚያልቀውን የማሽኑን ቁጥር ይፈልጋል፤ ካገኘው ዝም ነው። ፍለጋውን የጻፈው እዮኤል ነው። ሔኖክ ‹ቁጥሩ 5 ላይ እንደሚያበቃ ካልነገርከው 50ንም ይቀበልሃል› እያለ ሲስቅበት ሰምቻለሁ።»

በማግስቱ ራቢያ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች፤ ጉደታንም አስመጣች። ወለሉ ታጥቧል፤ ሆኖም ማንም ሊረግጠው አልደፈረም። ዋናው ማሽን በርቷል፤ ቻርጅ ያስደረገችው የእዮኤል ላፕቶፕም ተሰክቶ በ50 የሚያልቅ አድራሻ ተሰጥቶታል። ዋናውን ነቀለችው። ጠበቁ፤ አንድም ስልክ አልጮኸም።

«50 ውስጥ 5ን አየና ረካ» አለች። ቀጥላ ላፕቶፑን አጠፋችው።

ብዙም ሳይቆይ ስልኮቹ ሁሉ ጮኹ። «ሔኖክ ነኝ። ማሽኑን አጣሁት።»

«ኢየሱስ!» አለች መክሊት።

«ማታ ከመክሊት ጋር ከመውጣትህ በፊት ገደልከው እዮኤል። ማሽኑን ነቀልክ፣ ላፕቶፕህን በምትኩ ተውክ፣ ቻርጀሩን ደበቅክ። ባትሪው ሲያልቅ ሟቹ ራሱ ተናግሮ አባባ ጉደታን እንዲያስወነጅላቸው ነው። የአንተ ዲግሪ ነው የውሸቱ፣ አይደል?»

«ሊያጋልጠኝ ነበር!» አለ እዮኤል። ስልኩ ደግሞ ጮኸ። «ሔኖክ ነኝ...» «በናታችሁ አጥፉት!»

ራቢያ ካቴና አስገባችለትና ፕሮግራሙ ያለበትን ኮምፒውተር ኪቦርድ ገፋ አደረገችለት። «ከዚህ ቤት ማጥፋቱን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ያስተማረህ እሱ አይደል?»

ጉደታ ፊታቸውን አዙረው አለቀሱ። እዮኤል በካቴና የታሰሩ እጆቹን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈ፤ አንድም ፊደል መምታት አልቻለም። ስልኩ እንደገና ጮኸ።