የአድሚራሉ የመጨረሻ ገጽ

ነሐሴ 11 ቀን 2014፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ትዕግስት ከፍልሰታ ቅዳሴ ተመልሳ የአባቷን ክፍል ስትከፍት አቶ ይሄነው አልጋቸው ላይ እንደተኙ ሞተዋል። መስኮቱ ዝግ ነው። ከአልጋው ግርጌ የእሷ የከሰል ምድጃ ፍሙን እንደያዘ ተቀምጧል። ሐኪሙ የገደላቸው የከሰሉ ጭስ ነው አለ።

አቶ ይሄነው ባሕረኛ ነበሩ። በወጣትነታቸው ምፅዋ ላይ ፔምብሪጅ የሚባል እንግሊዛዊ አድሚራል ለጉብኝት መጥቶ አስተናግደውታል። እንጅባራ ከገቡ ወዲህ የአድሚራሉን የሕይወት ታሪክ ሲጽፉ ኖሩ። አክብረውት ግን አይደለም። «በሰው ሬሳ ላይ ቆሞ ሜዳሊያ የለቀመ!» ይሉት ነበር።

በሠልስቱ ኢንስፔክተር ስሜነሽ ለቅሶው ድንኳን መጣች። የትዕግስት የአጎት ልጅ ይሄይስ ቀደማት።

«ምድጃው የእሷ፣ ቤቱን የምትወርሰው እሷ! ምኑ ይመረመራል? ውሰዷት!»

«አንተ ረቡዕ የት ነበርክ?»

«ዳንግላ፣ እህል ሳራግፍ። ጋሪ ነጂው ይመስክርልኝ።»

«መስክሯል። ካንተ አፍ የእሱ ይሻላል።»

ትዕግስት ዛሬ ማታ እስር ቤት እንደምታድር እርግጠኛ ነበረች። ስሜነሽ ለብቻዋ ወሰደቻት።

«አባትሽ መስኮት ዘግተው ይተኛሉ?»

«በጭራሽ! ቁሩ ቢገድለን እንኳ አያስዘጉንም። የመርከብ ልማድ ነው። ሲጽፉም ከየገጹ አናት ላይ ሰዓቱንና የሰማዩን ሁኔታ ሳይመዘግቡ አይጀምሩም።»

ስሜነሽ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች።

የአቶ ይሄነውን ጽሑፍ በኮምፒውተር የሚተይበው መምህር ዓለምነው ከረባቱን አስሮ፣ ለለቀስተኛው ሊያነብ የታተመውን ቅጂ ታቅፎ ተቀምጧል። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የራሱ ብቻ ነው።

«ይህን መቼ ሰጡዎት?» አለችው ስሜነሽ።

«ሰኞ፣ ሙሉውን። ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጥኩም።»

«ስማቸውስ?»

«ሽማግሌው ለፈለፉ። መጽሐፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

ቅጂውን ተቀብላ አነበበች። ከዚያ ለቀስተኛውን ሁሉ ሰበሰበች።

«መምህር፣ አድሚራልዎ ሲወለድ ይዘንባል። ሲሾም ይዘንባል። ሲያገባ ያካፋል።» ለቀስተኛው ሳቁን በነጠላው ሸፈነ።

«እንግሊዝ አገር ዝናብ ይበዛል፣ አንቺ ሴትዮ!»

«ይሁን። መጨረሻው ገጽ ላይ ግን ምፅዋ ወደብ ገብቶ ‹በ13፡20 በረዶ ወረደ› ይላል። ምፅዋ! በረዶ!»

«እሳቸው የጻፉትን ነው የተየብኩት!»

«ልክ ነው፣ ሳይገባዎት። ሰማዩ የአድሚራሉ አይደለም፣ የአቶ ይሄነው መስኮት ሰማይ ነው። ሰዓቱም የመርከብ ነው። በእኛ ሰባት ሰዓት ከሃያ። እዚህ እንጅባራ በዚህ ሳምንት በረዶ መቼ ጣለ?»

«ረቡዕ ብቻ፣ ቅዳሴ ላይ ሳለን» አሉ አንዲት እናት።

«ታዲያ ረቡዕ የተጻፈ ገጽ ሰኞ እንዴት እጅዎ ገባ?»

ዓለምነው ከረባቱን ላላ አደረገ።

«ሽፋኑን በሐምሌ ማሠራትዎን ማተሚያ ቤቱ ነግሮኛል። አቶ ይሄነው ስሜ ካልገባበት አይታተምም አሉዎት። ቤተሰቡ ቅዳሴ ሲሄድ ጠብቀው መጡ። እሳቸው ጽፈው ጨርሰው ተኝተዋል። እርስዎ ምድጃውን ከማድ ቤት አስገቡ፣ መስኮቱን ዘጉ፣ ገጹን ይዘው ወጡ። የሰረቁትን እንኳ አንብቦ መረዳት ያቃተው ሌባ!»

ይሄይስ አንገቱን ደፋ። ትዕግስት ዞር ብላም አላየችውም።

ዓለምነው ውሎ አድሮ አሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት። ትዕግስት በመስከረም የአባቷን አርባ በቤቷ አወጣች።