መቶ የጻፈው እጅ

ሟቹ የተገኘው በማሽኑ ክፍል በር ሥር ነው። የቀኝ እጁ አንጓዎች ተልጠዋል፤ እያንኳኳ ነው የሞተው። የማተሚያ ድርጅቱ ባለቤት ነበር። በየቀኑ ከምሳ በፊት የድርጅቱ ዋና ኮምፒውተር ያለበትን ያን ጠባብ ክፍል ራሱ ገብቶ ካላየው እህል አይወርድለትም። ዛሬ እዚያ እንዳለ በሩ ተቆለፈበት፣ እሳት ለማፈን የተገጠመው ጋዝ ተለቀቀበት፣ አየር አጥቶ ሞተ። የአደጋ ደወሉ አልጮኸም፤ በየሰበቡ እየጮኸ ጆሯችንን በላው ብለው ነቅለውት ነበር። ለጆሮው ምቾት ነፍሱን የሚያስይዝ ሰው ሞልቷል።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ እንደ ልማዳቸው ሳያስቡ ጨርሰው ጠበቋት። የኮምፒውተር ባለሙያውን በካቴና አስረውታል።

«እሱ ነው፤ ማሽኑን የሚያቀዘቅዙትን ማራገቢያዎች ቀንሷቸዋል» አለ አንዱ። «ማሽኑ ግሎ ጋዙ በራሱ የወጣ እንዲመስል ነው።»

መርማሪዋ ሰውን የምታየው ገበያተኛ የተጨማለቀ ቲማቲም በሚያይበት ዓይን ነው። ባለሙያውንም እንዲሁ አየችው።

«ማራገቢያውን የሚያዘው ምንድነው?»

«ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ነው። ሙቀቱን እየለካ በራሱ ያፈጥነዋል፣ ያዘገየዋል። ከፈለጉ ደግሞ በእጅ አድርገው ቁጥር ይሰጡታል። ዜሮ ካሉት ይቆማል፤ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ካሉት ባለ በሌለ ኃይሉ ይጮኻል።»

«ስንት ላይ ተገኘ?»

«መቶ ላይ። ከግማሽ በታች ማለት ነው። እኔ ማሽን ማጋል ብፈልግ መቶ ምን ይሠራልኛል? ይህን ለፖሊሶቹ ከምነግራቸው ለግድግዳው ብነግረው ይሻለኝ ነበር።»

«የፕሮግራሙን የይለፍ ቃል ማን ያውቃል?»

ባለሙያው አቀርቅሮ «ስክሪኔ ላይ ለጥፌዋለሁ» አለ።

«ጎበዝ!»

«ይሳቁብኝ። ሚስቴ ግን ዛሬ ነገ ትወልዳለች። ባላደረግኩት ነገር እስር ቤት ልበሰብስ ነው?»

በሩንና ጋዙን የሚያዙት ሰሌዳዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ባለሙያው ጠረጴዛ አጠገብ፣ ሌላው ፎቅ ላይ በሥራ አስኪያጁ ቢሮ። ባለሙያው ምሳውን ብቻውን ነው የበላው፤ ምስክር የለውም።

ጸሐፊዋ የምትቀመጠው ከማሽኑ ክፍል ፊት ለፊት ነው። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ማራገቢያው ድንገት ጸጥ አለ። እፎይ፣ ተገላገልኩ አልኩ። ወዲያው ኳኳታ ሰማሁ። በሩ እምቢ ሲለኝ ለሥራ አስኪያጁ ደወልኩ። ‹የማራገቢያው ጩኸት ነው፤ አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ› አለኝ። አረፍኩ! እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

ሥራ አስኪያጁ የሟቹ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። ሹመቱን ያገኘው በእህቱ ልመና ሲሆን፣ ከሥራው አጥብቆ የሚያውቀው የወንበሩን ምቾት ነበር። ልቤ ደካማ ነው ብሎ ሬሳውን ለማየት እንኳ አልወረደም። መርማሪዋ ወጥታ አገኘችው።

«ማራገቢያው እንደዚያ እየጮኸ የሰው ድምፅ እንዴት ይሰማል?» አላት። «ልጅቷ ቀባጣሪ ናት።»

«ዛሬ ጮኸ?»

«ዛሬማ ብሶበት! እዚህ ቤት እኔ የማላውቀው ነገር የለም።»

የሟቹ ሚስት ከዚያው ቢሮ ጥግ ተቀምጣ ነበር። መርማሪዋ ለብቻዋ ወስዳ ጠየቀቻት።

«ባሌ ነገ ጠዋት ከሹመቱ ሊያነሣው ነበር» አለች። «ሰው ፊት እንዳይዋረድ ብዬ ትናንት ለወንድሜ ነገርኩት።»

መርማሪዋ ሁሉንም በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ባለሙያው ማራገቢያዎቹን ወደ ቀድሞ ሥርዓታቸው ስለመለሳቸው ከበሩ ጀርባ ይጮኻሉ። ኮምፒውተሩም ቀርቧል።

«ይህ ባለሙያ አንተን ማራገቢያ ማዘዝ አያውቅበትም ብሎሃል» አለች ሥራ አስኪያጁን።

ብልጥ ነፍሰ ገዳይ ቢሆን «እውነቱን ነው፣ አላውቅም» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ለእሱ ግን አላውቅም ማለት ከሞት ይብሳል።

«እሱ ብሎ አዋቂ!» አለና ወንበሩን ሳበ።

«በሙሉ ኃይሉ አስጩኸው እስቲ።»

ድራይቨሩን ከፈተ፣ ወደ እጅ ቀየረው፣ መቶ ብሎ ጻፈ። ከዚያ ጭብጨባ እንደሚጠብቅ ሰው ቀና አለ።

ጩኸቱ ወረደ። የጸሐፊዋ ሳግ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ተበላሽቷል» አለ።

«አልተበላሸም። ገዳዩ ማሽኑን ማጋል ቢፈልግ ዜሮ ይጽፍ ነበር። ባለሙያው ጩኸት ቢፈልግ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ይጽፍ ነበር። መቶ የሚጽፈው መቶ ሙሉ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ሙሉ ጩኸት የሚፈልገው ደግሞ የሚያንኳኳ ሰው እንዳይሰማ ነው። እዚህ ታች ያለ ሁሉ ማራገቢያው ጸጥ እንዳለ ያውቃል። ብሶበት ጮኸ ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ፤ ስላዘዝከው እንጂ ስለሰማኸው አይደለም። የይለፍ ቃሉን ከባለሙያው ስክሪን ላይ አንብበህ፣ ፎቅ ላይ ሆነህ ማራገቢያውን አዘዝክ፣ በሩን ቆለፍክ፣ ጋዙን ለቀቅክ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይሉሃል ይህ ነው።»

«ስሜን አጠፋችሁት! እህቴ፣ ንገሪያቸው እንጂ!»

ካቴናው ከባለሙያው እጅ ወልቆ ወደ እሱ ዞረ። ባለሙያው መጀመሪያ ያደረገው ስክሪኑ ላይ የለጠፈውን ወረቀት መላጥ ነው። ከዚያ ለሚስቱ ሊደውል እየተንደረደረ ወጣ።

ሚስትየው ወንድሟ ፊት ቆመች፤ አላለቀሰችም።

«በዕድሜህ አንድ ቀን፣ ሳታውቅ፣ ለባሌ የሚጠቅመው ነገር ሠራህ» አለችው። «ማራገቢያውን ጸጥ አሰኘኸው፤ ድምፁ ተሰማ። ተደውሎም ተነገረህ። መክፈቻው አጠገብህ ነበር።»

ያን ጊዜ ብቻ አንገቱን ደፋ።