የሦስት መቶ ሃምሳ ግራም ፍራሽ

ሟቹ አልጋው ላይ ደንበኛ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ተጋድሟል። አልጋ ማለት ካስኬደ ነው፤ ሲጠቀለል ከውሃ ጠርሙስ የማይበልጥ፣ በአየር የሚነፋ ቀጭን ፍራሽ ነው። ገብተው የሚተኙበት የላባ መኝታው፣ ስሊፒንግ ባጉ፣ እስከ አገጩ ተዘግቷል። ከራስጌው ጋዟን የጨረሰች ትንሽ ምድጃ ቆማለች። ውጭ ነፋሱ ከኮረብታው እየወረደ ድንኳኑን ያርገበግበዋል፤ ጨርቁም ከመሳሳቱ የተነሳ አንድ ደቂቃ ዝም አይልም።

መርማሪዋ ተንበርክካ ገባች። ሃምሳን የተሻገረች፣ ደልደል ያለች፣ በሕይወቷ ብስክሌት ላይ ወጥታ የማታውቅ ሴት ናት። ግማሽ አካሏ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ ሲታይ አጃቢዋ ፖሊስ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዞረ።

«ሳቅ፣ ሳቅ፤» አለችው ከውስጥ። «እኔም ብሆን እስቅ ነበር።»

ሐኪሙ ከኋላዋ አጎንብሶ አየ። «በርዶት ምድጃ ለኮሰ፣ ዘግቶ ተኛ፣ ጭሱ ጨረሰው። ነገሩ ይህ ይመስላል። ግን ደሙን ሳልመረምር አልፈርምም፤ ሦስት ቀን ስጪኝ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ እኔ ምን ይዤ ልቀመጥ?»

አልተቀመጠችም። ሬሳው ከተነሳ በኋላ ፍራሹን ወደ ፀሐይ አንስታ አየችው። ብርሃን ያሳልፋል። ከውስጥ በኩል ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ተለጥፈውበታል፤ ውጪው ግን ደረቅ ነው። ምን ማለት እንደሆነ አላወቀችም፤ አለማወቅ ደግሞ ያንቆራጥጣታል።

ሟቹን ብስክሌተኞች ሁሉ «ግራም» ይሉት ነበር። ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ቤቱን ተሸክሞ ነው የሚሄደው፤ ግራም ደግሞ ቤቱን በሚዛን የሚለካ ሰው ነበር። መሪው ላይ የለጠፋት ወረቀት እስካሁን አለች፦ ድንኳን ሰባት መቶ ሰማንያ፣ ስሊፒንግ ባግ ስድስት መቶ፣ ፍራሽ ሦስት መቶ ሃምሳ። ቅዳሜ ለሁለት ወር ጉዞ ሊነሱ፣ ዕቃቸውን ለመሞከር አንድ ሌሊት እዚህ ሊያድሩ ሦስት ሆነው ወጡ። አንደኛው ብስክሌት ጠጋኝ መካኒክ ነው። ሌላው አገር ያወቀው፣ «ባለ አርባ ሌሊቱ» የሚባለው ሰው ነው፤ አምና ብቻውን አርባ ሌሊት ጣራ ስር ሳይገባ ሜዳ ላይ እያደረ ነድቶ፣ ስለዚሁ መጽሐፍ ጽፏል። ከጓደኞቹ ጋር ግን ውጭ ሲያድር ይህ የመጀመሪያው ነው።

የሁለቱ ቃል አንድ ነው። ድንኳኖቻቸውን ተክለው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መካኒኩ ውሃ ሊቀዳ ወደ ምንጩ ወረደ። ባለ አርባ ሌሊቱ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጣሁ ይላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመለሱ የግራም ድንኳን ተዘግቶ ነበር፤ ደክሞት የተኛ መሰላቸው። ጠዋት መካኒኩ ሲከፍተው እንዲህ ሆኖ አገኘው።

* * *

ድንኳኑን የሰፋችው የሟቹ ታናሽ እህት ናት። ስፌት ቤቷ ጎማ መሸጫ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ስትሆን፣ ግማሿን የመቁረጫ ጠረጴዛው ይዞታል። መርማሪዋ ስትገባ ልጅቷ ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ በጠረጴዛውና በስፌት መኪናው መሃል ትመላለሳለች።

«ዚፑን እንዳትዘጋው! ዝናብ ቢመጣም ይምጣ፣ እርጠብ! ... አዎ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ።» ስልኩን ጣለችው። «ስድስት ሰው በእኔ ድንኳን መንገድ ላይ ነው፣ እትዬ። ዛሬ የት ያድራሉ?»

«ቁጭ በይ፣ ልጄ።»

«አልችልም።»

«እኔም አይሆንልኝም። በይ እየዞርን እናውራ።»

ጠረጴዛውን እየዞሩ አወሩ።

«ወንድም ጋሼ የላይኛውን የአየር መውጫ አስቀሪልኝ ብሎ ለመነኝ፤» አለች ልጅቷ። «አሥራ ስምንት ግራም ይቀንሳል ብሎ! እምቢ አልኩት፣ ሳቀብኝ፣ እሺ አልኩት። መቀሱን የያዘው የእኔ እጅ ነው። ለስድስቱም እንደዚያው አድርጌ ሰፋሁላቸው።»

«ሐኪሙ ገና አልፈረመም።»

«ምኑን ይፈርማል? እኔ ነኝ የገደልኩት።»

መርማሪዋ ማጽናኛ ያልሆነ ጥያቄ ጠየቀች። «ያ የሚነፋ ፍራሽ ውስጡ ውሃ ሊይዝ ይችላል?»

ልጅቷ ቆመች። «በአፍ ከነፉት ነዋ። ትንፋሽ ውሃ ነው። ውስጡ ይሻግታል፤ በብርድ ደግሞ በረዶ ይሠራል። ውጭ አድሮ የሚያውቅ ሰው አፉን አያስጠጋውም።» ከግድግዳው ላይ አንድ ቀላል ከረጢት አወረደች፤ ታቹ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው። «ስሊፒንግ ባጉ የሚገባበት ይኸው ነው። ባጉን ታወጪና ከረጢቱን አየር ትሞይዋለሽ፣ ይህችን ቀዳዳ ከፍራሹ አፍ ጋር አገናኝተሽ ትጫኝዋለሽ። አለቀ። ማንፊያ ተብሎ ሌላ ዕቃ አይያዝም፤ ክብደት ነዋ!»

«ወንድምሽስ?»

«እሱማ የገዛ ፍራሼን በአፌ ስነፋ ቢያየኝ ሳምንት አያናግረኝም።»

መርማሪዋ ከጣራው ወደ ተሰቀሉት ስሊፒንግ ባጎች ቀና አለች። «እነዚህን ደግሞ ታጥቢያለሽ?»

«አጥባለሁ። ለዚህ ጉዞ የሦስቱንም አጥቤያለሁ። ብዙ የተተኛበት ላብና ቅባት ስለሚይዝ ውሃው ይጠቁራል፤ የመካኒኩ አምስት ውሃ ነው የፈጀው። የባለ አርባ ሌሊቱ በአንድ ውሃ ጠራ።» ስልኩ ጮኸ፤ ዘላ አነሳችው። «ሃሎ! ክፈተው፣ ድንኳኑን ክፈተው!»

* * *

መካኒኩ ጎማ እየፈታ ያለቅሳል።

«ከግራም ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ፤» አለችው መርማሪዋ።

«ያልተጣላንበት ቀን አለ እንዴ? የጥርስ ብሩሼን እጀታ በመጋዝ ቆረጠብኝ! ሁለተኛውን ሱሪዬን 'ምን ያደርግልሃል' ብሎ መንገድ ዳር ጣለው። አንድ ቀን እገልሃለሁ ብዬዋለሁ፣ ሰው ሰምቷል። እንግዲህ እሰሩኝ።» አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። «ግራም ከሌለ ከማን ጋር ነው የምጣላው?»

«ከምንጩ ስትመለስ አልጋው ተነጥፎ ነበር?»

«ዘግቶ ነበር፣ አላየሁም። ስወርድ ግን ገና ድንኳኑን ተክሎ መጨረሱ ነበር፤ ዕቃው ሁሉ ብስክሌቱ ላይ እንደታሰረ ነው።»

ባለ አርባ ሌሊቱ በበኩሉ ጥሩ አድርጎ ተቀበላት። ሳሎኑ ውስጥ ፎቶው በአራት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አራቱም ላይ እየሳቀ ነው።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት፤» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለእህቱ ቀስ ብላችሁ ንገሯት። ጥፋቱ የድንኳኑ ነው፤ ያ ግልጽ ነው። ግን ልጅቷ አሳዘነችኝ።»

«እኔንም አሳዘነችኝ፤» አለች መርማሪዋ፤ የልቧን ነው የተናገረችው። «የራስህን መኝታ ይዘህልኝ ትመጣለህ? ሐሙስ ጠዋት፣ ስፌት ቤት። እኔ ስለዚህ ዕቃ ደንቆሮ ነኝ፤ ብታሳየኝ ደስ ይለኛል።»

«በደስታ!» አላት። የማስተማር ነገር ሲነሳ ፊቱ ይበራል።

* * *

ሐሙስ ጠዋት ጠባቧ ክፍል ሞላች። ልጅቷ የስፌት መኪናዋን ተደግፋ ቆማለች። መካኒኩ በር ላይ ነው፤ ከኋላው አጃቢው ፖሊስ አለ። መርማሪዋ ጠረጴዛውን አስጠርጋለች።

«በሉ፣ አልጋ አንጥፉልኝ፤» አለች። «ታዋቂው ይቅደም። እንደ ሁልጊዜው አድርግ፣ ሌላ ነገር የለውም።»

ባለ አርባ ሌሊቱ ሳቅ ብሎ ሻንጣውን ፈታ። ፍራሹን ዘረጋ። ስሊፒንግ ባጉን አወጣና ከረጢቱን አጣጥፎ ወደ ሻንጣው መለሰው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የፍራሹን አፍ ከፈተና በአፉ መንፋት ጀመረ።

ልጅቷ ቀና አለች። መካኒኩ አፉን ሲከፍት መርማሪዋ እጇን አነሳችበት። ሰውየው ይነፋል። ፊቱ ቀላ። መሃል ላይ ራሱን አዞረውና ጠረጴዛውን ያዘ፣ እንደገና ቀጠለ።

«ሦስት ደቂቃ ተኩል፤» አለች መርማሪዋ ሰዓቷን እያየች። «መካኒክ፣ ያንተ ተራ።»

መካኒኩ በመጀመሪያ ስሊፒንግ ባጉን አውጥቶ አራገፈና ላባው እንዲነፋፋ ወደ ጎን ተወው። ከረጢቱን አየር ሞላ፣ ከፍራሹ አፍ ጋር አገናኘ፣ በደረቱ ተጫነው፤ አራት ጊዜ። ፍራሹ ቆመ።

«አንድ ደቂቃ አልሞላም።» መርማሪዋ መንጎራደድ ጀመረች። «አሁን ስሙኝ። መካኒኩ ወደ ምንጩ ሲወርድ ግራም አልጋውን አላነጠፈም ነበር። ጠዋት ግን አልጋው ላይ ተገኘ፤ ፍራሹም ውስጡ እርጥብ ነው፣ በአፍ ተነፍቷል ማለት ነው። ግራም በአፉ አይነፋም። ስለዚህ አልጋውን ያነጠፈለት ሌላ ሰው ነው። የራሱን አልጋ ማንጠፍ የማይችል ሰው ደግሞ ምን ሆኖ ነው? ሞቶ ነው።»

«ኢንስፔክተር፤» አለ ባለ አርባ ሌሊቱ፤ ትንፋሹ ገና አልተመለሰም። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። የቸኮለ ሰው ያገኘውን ያደርጋል። መካኒኩም ቸኩሎ በአፉ ቢነፋስ?»

«የቸኮለ ሰውማ አንድ ደቂቃ የሚፈጀውን ትቶ ሦስት ደቂቃ ተኩል አይነፋም። የግራም ከረጢት ተጣጥፎ ብስክሌቱ ላይ ባለው ሻንጣ ውስጥ ነው የተገኘው፤ ልክ አሁን አንተ እንዳደረግከው። ገዳዩ ቸኩሏል፣ ከረጢቱንም በእጁ ይዞታል፣ ግን ማንፊያ መሆኑን አያውቅም። ውጭ አድሮ የማያውቅ ሰው ነው። ከሦስታችሁ መሃል ውጭ አድሮ የማያውቅ ማን ነው ብዬ ስጠይቅ የመጣልኝ መልስ እኔንም አሳቀኝ፤ ባለ አርባ ሌሊቱ!»

«ይህ ማስረጃ ነው?» አለ።

«አይደለም፤ ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል፣ አያያዝህን አየሁት። ማስረጃው ሌላ ነው። ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ደወለልኝ። የግራም ደም ውስጥ የጭስ ምልክት የለም። ከንፈሩ ከውስጥ በገዛ ጥርሱ ተቆርጧል፤ ታፍኖ ነው የሞተው። ምድጃው የተለኮሰው ለሬሳ ነው። ምድጃው ላይ የጣት አሻራ አለ፤ የማን መሆኑን ከሰዓት በኋላ እንሰማለን። አንተ ግን አሁን ታውቀዋለህ።»

ባለ አርባ ሌሊቱ የነፋው ፍራሽ ላይ ተቀመጠ።

«የመጀመሪያውን ሌሊት ሞክሬ ነበር፤» አለ። «ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ። አለቀስኩ። በማግስቱ ማደሪያ ቤት ገባሁ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ሌሊት። ግራም ቅዳሜ ሊሸኘን በሚመጣው ሰው ፊት ራስህ ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ አለኝ። ለመንኩት። ሳር ላይ ተቀምጦ ገመድ እየቋጠረ እምቢ አለኝ። የእኔ ስሊፒንግ ባግ አጠገቤ ነበር...» ከዚያ ወደ ልጅቷ ቀና አለ። «እሱ ግን ከየት አወቀ? እኔኮ ለማንም አልተናገርኩም!»

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ወሰደው።

መካኒኩም እያለቀሰ ከወጣ በኋላ ልጅቷ መርማሪዋን አየቻት።

«ድንኳኔ አልገደለውም?»

«አልገደለውም።»

ስልኩን አነሳች። ስድስቱንም አንድ በአንድ ደወለችላቸው። «ተኙበት፤» ትላለች፣ «ደህና ነው፣ ተኙበት፤» እያለቀሰች። መርማሪዋ መስኮቱ ጋ ቆማ ጠበቀች። ስድስተኛው ሲያልቅ ልጅቷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጣቶቿን ማየት ጀመረች።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ የነገርኩት። ስለ ውሃው። 'የጀግናህ ስሊፒንግ ባግ በአንድ ውሃ ጠራ፣ የአርባ ሌሊት ላብ የት ገባ' ብዬ ሳቅሁ። አብረን ሳቅን። ከዚያ እሱ ሳቁን አቆመ።»

መርማሪዋ ይህን ከሰኞ ጀምሮ ጠርጥራ ነበር፤ አለመጠየቋም ለዚሁ ነው።

«ባልነግረው ኖሮ ይኖር ነበር?»

መዋሸት ትችል ነበር። በጣም ፈልጋም ነበር።

«ይኖር ነበር፤» አለች። «አንቺ ግን ያየሽውን ነው የተናገርሽው፤ የገደለው እጅ አሁን ደረጃውን ወርዷል። ሁለቱም እውነት ነው።»

«ለእማዬ ድንኳኑ ነው ብዬ ነግሬያት ነበር፤» አለች ልጅቷ። «አቅፋኝ አደረች። ይቅር ብያለሁ ብላኛለች። አሁን የትኛውን ሄጄ ልንገራት?»

«ቤታችሁ ሩቅ ነው?»

«በእግር አሥር ደቂቃ።»

«ነጠላሽን ያዢ፤» አለች መርማሪዋ በሩን እየከፈተች። «እየሄድን እናስብበታለን።»