የቀሩት ስምንት ሲጋሮች

ልጅቷ ለምን አላለቀሰችም?

ሴት አያቷ ይህን ጥያቄ በሆዳቸው ይዘው ሲንከራተቱ ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ወጥ ቤት ገብተው ለምን እንደገቡ ይረሳሉ፣ ሳሎን ይመለሳሉ፣ የቆለፉትን መስኮት እንደገና ሊቆልፉ ይታገላሉ። ከሕፃንነቷ ጀምረው ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው፣ ወንድ አያቷ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ነፍሳቸው ስትወጣ ቆማ እያየች እንባ አልወጣትም። ብርጭቆዎቹን ሰብስባ አጠበች። ሰኞ ጠዋት ተነስታ ሥራ ሄደች። ሥራዋ ደግሞ የእንስሳት ክሊኒክ ነው፤ የመድኃኒቱን ቁም ሣጥን ቁልፍ የምትይዘው እሷ ናት። እዚህ ሲደርሱ አያትየው ማሰቡን ይተዉታል። ይተዉታል ማለት፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምሩታል።

ቅዳሜ አራት ወንዶች ጅግራ አድነው ሳይመሽ ተመለሱ፤ የቤቱ ባለቤት ጡረተኛው ቀያሽ፣ ታናሽ ወንድማቸው፣ የቤተሰቡ ሐኪም እና «ብረቱ» የሚባለው ጠመንጃ ጠጋኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ልማዳቸው አንድ ነው። ጭቃ የያዘ ጫማቸውን በረንዳ ላይ አውልቀው በካልሲ ሳሎን ይገቡና የሲጋሩን ሳጥን ይከፍታሉ። ብዙ ጅግራ የጣለ ቀድሞ ይመርጣል፤ ሌሎቹ በተራ፤ ባለቤቱ የፈለጉትን ያህል ቢጥሉ መጨረሻ ናቸው። ለእሳቸው የምትመርጥላቸው የልጅ ልጃቸው ናት። አንድ በአንድ እያነሳች ታሸታለች፣ በሁለት ጣቷ ጫን ጫን ታደርጋለች፣ ከዚያ «ይሄ ነው አባባ» ትላለች። እሳቸው አያጨሱትም። ሐኪሙ ለልባቸው ፈርቶ እሳት ከከለከላቸው አራት ዓመት ሆኗል። የሚያጨስ ሰው ከመለኮሱ በፊት የሚጎረሰውን ጫፍ ይቆርጣል፤ እሳቸው ግን ሳይቆርጡ፣ ሳይለኩሱ፣ ጫፉን ጎርሰው ያኝኩታል።

ቅዳሜም ጎረሱት።

«ከንፈሬ ደነዘዘ» አሉ ትንሽ ቆይተው።

«የኔ እግር ነው የደነዘዘው» አለ ብረቱ። «ያን ሁሉ ተራራ ለሁለት ጅግራ!»

ሳቁ። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

ሐኪሙ ያኘኩትን ሲጋር በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ማክሰኞ የላቦራቶሪው ውጤት መጣ፤ መርዝ ነው፤ ያለውም በሚጎረሰው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ መርማሪው የቤቱን ደወል ደወለ። ረጅምና ቀጭን ስለሆነ፣ ጆሮው ላይም እርሳስ ስለማይጠፋ፣ የሥራ ባልደረቦቹ «እርሳሱ» ይሉታል።

«እማማ፣ ጫማዬን ላውልቅ?»

«ኧረ እንዳታወልቅ ልጄ፣ ወለሉ ይበርዳል። በልተሃል?»

እርሳሱ ሳሎኑን በዓይኑ ቃኘው። መደርደሪያው ላይ ስስ አቧራ ነበር፤ መሐሉ ላይ ግን የአንድ ሳጥን ስፋት ያህል አቧራ ያልነካው ቦታ አለ።

«እዚህ የነበረውስ?»

አያትየው የሹራባቸውን ቁልፍ ያዙ። «ጣልኩት። ከቆሻሻው ጋር።»

«መተርኮሻውስ?»

«አጠብኩት። ሰው ሞተ ተብሎ ቤት እንዲሁ ቆሽሾ ይደር?»

«ልክ ነዎት። ሲያጥቡት ምን ነበረበት?»

«አመድ። ሦስት የተቆረጠ ጫፍ።»

«መሬት ላይስ?»

«ምንም! በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚህ ምንጣፍ ላይ የተተፋ ጫፍ ስለቅም የኖርኩ ሴት ነኝ። የባሌ ወንድም እንደ ሰው በመቁረጫ አይቆርጥም፤ በጥርሱ ነክሶ ትፍ! ነው። ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ፣ ስንቴ መቁረጫውን እጁ ላይ አስቀምጬለታለሁ።»

እርሳሱ መጻፉን አቆመ። አያትየው ግን ምን እንደተናገሩ አላወቁትም፤ ሐሳባቸው ወጥ ቤት ነበር። ልጅቷ እዚያ ተቀምጣለች።

ወጥ ቤቱ ንጹሕ ነው። ልጅቷ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ትመለከታቸዋለች፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«ሲጋሩን የመረጥሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ሐሙስ አሥራ ሁለት ገዝቼ ሳጥኑን የሞላሁትም እኔ ነኝ። እንዳይደርቁ እርጥብ ስፖንጅ አብሬ አስገብቻለሁ። ቅዳሜ ሦስቱ ወስደው ዘጠኝ ቀርቶ ነበር።»

«ለምን ያንን መረጥሽ?»

«ሲጫኑት አይንኮሻኮሽም። ሽታውም ጥሩ ነበር።»

«ክሊኒካችሁ ውስጥ ሰው የሚገድል ነገር አለ?»

«ብዙ አለ።»

«እንደዚህ ስትመልሺ አትፈሪም?»

«ምንም አይሰማኝም። ይሄ ራሱ ሊያስፈራኝ ይገባ ነበር መሰለኝ።»

ከበሩ ጀርባ አያትየው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ምን አለ ዝም ብትል? ምን አለ «አላውቅም» ብትል? አንድ ቃል አይበቃም?

በማግስቱ እርሳሱ ወደ ብረቱ መጠገኛ ሄደ። ዘይትና ዝገት የሚሸት ጠባብ ክፍል ነው። ብረቱ አንድ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ በጨርቅ ጠቅልሎ ከጠረጴዛ ሥር አወጣ።

«የልጅቷ አባት ጠመንጃ ነው» አለ። «የሽማግሌው ልጅ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አደን ላይ የገዛ ጠመንጃው ባርቆበት ሞተ ተባለ። ሽማግሌው ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆልፈውበት ኖሩ፤ ሊነኩትም አልቻሉ። ባለፈው ወር ለልጅቷ ሊሰጧት አስበው አጽዳልኝ ብለው አመጡልኝ።»

«እና?»

«ባለፈው ሳምንት ከፈትኩት። ሁለቱም ጥይት ውስጡ አለ፤ አንዱም አልተተኮሰም። ታዲያ ያልተተኮሰ ጠመንጃ እንዴት አድርጎ ይባርቃል?»

«ለማን ነገርክ?»

«ለሽማግሌው ብቻ። ‹ያጠፋው ሰው እስከ እሁድ ራሱ ይነግራታል፤ ካልነገራት እኔ እነግራታለሁ› አሉኝ። ቅዳሜ ሞቱ።»

«ያን ቀን አብሮት የነበረው ማን ነው?»

ብረቱ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረው።

ከዚያ እርሳሱ ወደ ሟቹ ወንድም መደብር አመራ። ዘርና የተባይ መድኃኒት የሚሸጥበት ነው። ሰውየው ወንበር አቀረበለት፤ ዓይኑ በደንብ ቀልቷል።

«የሥጋ ዘመድ ሆኜ ይሄን ማለት ይከብደኛል» አለ። «ግን የመረጠችው ማን ናት? እጁ ላይ ያስቀመጠችው ማን ናት? መርዝስ ከየት ይመጣል? እኔ ስም አልጠራም።»

«እርስዎም አጭሰዋል አይደል?»

«እንደ ሁሉም ሰው።»

«በምን ቆረጡት?»

«በመቁረጫው ነዋ! በምን ልቆርጠው?»

እርሳሱ ይህንን ጻፈ። ከዚያ አያትየው ዘንድ ተመልሶ፣ ጫማውን ሳይጠይቅ አውልቆ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

«እማማ፣ እንዳለ ልንገርዎት። መርዝ የነካው አንድ ሲጋር ብቻ ከሆነ፣ ገዳዩ ያንን ሲጋር የመረጠው ሰው ነው። ነገ ልጅቷን ይዤ እሄዳለሁ። ሌላ ነገር ለማለት የቀሩትን ማየት አለብኝ። የቀረ ግን የለም አሉኝ።»

አያትየው ከወንበራቸው ተነሱ። ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ሄዱ። የክረምቱ ብርድ ልብስ ሲገለባበጥ ተሰማ። ሳጥኑን በሁለት እጃቸው እንደ ሙሉ ብርጭቆ ተሸክመው መጡ።

«ባልሰጥህም ትወስዳታለህ፣ ብሰጥህም ትወስዳታለህ» አሉ። ድምፃቸው ምንም የለበትም። «ስምንት ናቸው። አልነካኋቸውም።»

አርብ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል። በሽማግሌው ወንበር ማንም አልተቀመጠም። እርሳሱ ባዶውን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አደረገ።

«ጠፍቶ የነበረው ሳጥን ተገኝቷል፤ ላቦራቶሪውም በውስጡ የቀሩትን ስምንቱንም አይቷል» አለ። «ስምንቱም ተመርዘዋል። በሚጎረሰው ጫፍ ላይ ብቻ፣ በቀጭን ብሩሽ።»

ብረቱ ጉሮሮውን ያዘ። «እኔም አጭሻለሁ እኮ!»

«ቆርጠህ ነዋ። በምን ቆረጥክ?»

«በሰንጢዬ። እንደ ሁልጊዜው።»

«ዶክተርስ?»

«በመቁረጫው» አለ ሐኪሙ። «እኔም እንደ ሁልጊዜው።»

«ስለዚህ መርዙ ከቁራጩ ጋር መተርኮሻው ውስጥ ቀረ። ሳይቆርጥ የሚጎርስ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

«ይሄማ የታወቀ ነው» አለ ወንድምየው። «የመረጠችለት ደግሞ እሷ ናት።»

«ነገሩ እዚያው ላይ ነው። የምትመርጠው ራሷ ከሆነች፣ አንዱን መርዛ ያንኑ ማንሳት ይበቃታል። ሁሉንም ለመቀባት የሚደክም ሰው፣ ለሽማግሌው የትኛው እንደሚደርሳቸው የማያውቅ ሰው ነው። ስምንቱ ሲጋሮች ልጅቷን ነፃ ያወጧታል።»

አያትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰውነታቸው ግን አልቀለለም።

«አሁን ሦስት ሰው ቀረ» አለ እርሳሱ ወደ ወንድምየው ዞሮ። «ሁለቱ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት አደረጉ። እርስዎ ግን በጥርስዎ ነው የሚነክሱት። ሃያ ዓመት ምንጣፍ ላይ ሲተፉ ኖረው፣ ቅዳሜ መቁረጫ አነሱ። ራስዎ ነግረውኛል። እማማም ከመሬት ያነሱት ቁራጭ የለም። ለምን?»

«ጥርሴን አሞኝ ነበራ!»

«የቱን ጥርስ?» አለ ብረቱ። «ከሰዓት ለውዝ ከነቅርፊቱ ስትቆረጥም አልነበር? ግማሹን ከኔ ኪስ ነው የወሰድከው!»

ማንም አልሳቀም።

«ቅዳሜ ጠዋት ቀድመው የመጡት እርስዎ ነዎት» አለ እርሳሱ። «እማማ ወጥ ቤት ስንቅ ሲያዘጋጁ፣ ሌሎቹ እስኪመጡ ሳሎን ብቻዎን ቆዩ። መርዙም መደብርዎ ውስጥ ከነቆርቆሮው ተገኝቷል። የቀረው ምክንያቱ ነው።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። አባትሽ በገዛ ጠመንጃው አልሞተም። ጠመንጃው አልተተኮሰም። ያን ቀን ጫካ ውስጥ አብሮት የነበረው አጎቱ ብቻ ነው።»

ወንድምየው ለልጅቷ ሳይሆን ለጠረጴዛው ተናገረ።

«ቁጥቋጦው ተንቀሳቀሰ። ከርከሮ መስሎኝ ነው። ስደርስ እሱ ነው። ምን ብዬ ልንገራቸው? አሥራ ሁለት ዓመት ጋሼ፣ ጋሼ እያለች ቡና ታቀርብልኛለች። ወንድሜ እስከ እሁድ ንገራት አለኝ። እንዴት አድርጌ?»

«ያኛው ስሕተት ነበር» አለ እርሳሱ። «ቅዳሜስ?»

ፖሊሱ ሰውየውን ክንዱን ይዞ አስነሳው። በሩ ጋ ሲደርስ ወንድምየው ዞረ፤ ፊቱ ላይ ክፋት ሳይሆን ድካም ነበር።

«ሳጥኑ ጠፍቶ ነበር ብላችሁ አልነበር?» አለ። «እኔ አልነካሁትም። የደበቀው ማን ነው? ንጹሕ ሰው ሳጥን ይደብቃል?»

«ይሄ ለጉዳዩ አያስፈልግም» አለ እርሳሱ ፈጠን ብሎ። «ውሰደው።»

ወሰደው። ጥያቄው ግን ክፍሉ ውስጥ ቀረ። ሐኪሙ ካልሲውን ያያል፣ ብረቱ ጣሪያውን ያያል። አያትየው ለማንም ሳይመልሱ ቢተዉት ይቻል ነበር፤ እርሳሱ መንገዱን ከፍቶላቸዋል። ግን ይህን ሁሉ ቀን ውሸት ይዘው የተንከራተቱበት ጉልበታቸው አልቋል።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ልጅቷ ቀና አለች። «ለምን እማማ?»

«ፖሊስ እንዳያገኘው ብዬ። ፈርቼልሽ ነው የኔ እናት። አላለቀስሽም፣ ሥራ ሄድሽ፣ ቁልፉም አንቺ ጋ ነው፤ እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ሐሳቤ ጥሩ ነገር አያመጣልኝም። ምንም አድርጊ ምን፣ ማንም እንዳይነካሽ ብዬ ነው።»

«ምንም አድርጊ ምን» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

አያትየው አሁን የተናገሩት ምን እንደሆነ ገባቸው። ሊመልሱት አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሉ ግን ወጥቷል። ልጅቷን ያዳናት ሳጥኑን መስጠታቸው እንጂ መደበቃቸው አይደለም፤ የደበቁበት ጥርጣሬ ግን አሁን እሷ ፊት ተቀምጧል።

ልጅቷ ተነሳች። ቦርሳዋን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አነሳች፣ ጫማዋን በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ አሰረች፣ አንዱን ፈትታ እንደገና አሰረች።

«ውጭ ይበርዳል» አሉ አያትየው ከሳሎኑ። «ሹራብ ልበሺ፣ የኔ ልጅ። ወይ ይዘሽው ሂጂ።»

ልጅቷ የግቢውን በር ከፈተች፣ ሹራቡን ሳትወስድ ወጣች፣ ቀስ አድርጋም ዘጋችው።