እመቤቲቱ ያላለቀሰችበት ሌሊት

በቅዱሳን ሁሉ በዓል ማግስት ጠዋት አባባ ኤርመንጎል በግንቡ ማማ ውስጥ፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ ሞተው ተገኙ። እግራቸው ሥር ያለው የከሰል ማንደጃ በርዶ፣ ዐመዱ በክፍሉ ሁሉ ተበትኗል። ፊታቸው የሞተ ሰው ፊት አይመስልም፤ ጉንጫቸው ከብርድ እንደገባ ሕፃን ቀልቷል። ትንሿ መስኮት ወለል ብላ ተከፍታ፣ ከፒሬኔ ተራሮች የሚወርደው ትራሙንታና የሚሉት ነፋስ ነጭ ጸጉራቸውን ያርገበግበዋል።

ያገኘቻቸው የሟች ልጃቸው ሚስት ዶልሳ ነበረች። ዶልሳ ባሏ ከሞተ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር መርዶ የመጣባት የሚመስላት ሴት ናት። ያን ጠዋት ግን ያስፈራት የአማቷ ሞት ብቻ አልነበረም። ማንደጃውን ማታ ያቀጣጠለችው፣ መስኮቷንም የዘጋችው አሥራ ሰባት ዓመት የሆናት አንድ ልጇ አሎማ ነበረች።

«በርዷቸው ነበር፤ ዘጋሁት» አለች አሎማ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል። «አያቴን የገደልኳቸው እኔ ነኝ፣ እማ።»

ከዚያ በኋላ ቃል አልተነፈሰችም። ወጥታ ገደሉ አፍ ላይ ባለው የድንጋይ አጥር ተቀመጠች። ከሥሯ ያለው ሸለቆ ጭጋግ ለብሷል። ዶልሳ የልጇን ሹራብ ከኋላ ጨምድዳ ይዛ ቆመች፤ ፖሊስ እስኪመጣም አለቀቀችም።

ሮካሳልባ ትንሽ መንደር ናት፤ ወሬው ከዳቦ ቤቱ ሳይወጣ ሁሉም ሰማው። መስኮቷን የከፈተቻት እመቤቲቱ ናት ተባለ። የጥንቱ ጌታ ሚስቱን ከነሕይወቷ ግንቡ ውስጥ እንዳስቀበራት የማያውቅ የመንደሩ ልጅ የለም። ትራሙንታና በነፈሰ ቁጥር ታለቅሳለች። ሙሽራም ሕመምተኛም ያን ለቅሶ እየሰማ ነው የሚያድረው።

ከጂሮና የመጣችው ኢንስፔክተር ረሜይ አጭር፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ለጡረታ የተቃረበች ሴት ነበረች። መንገድ ላይ አንዲት ጎረቤት በእጇ ያስጨበጠቻትን የበዓል ጣፋጭ እያኘከች መጣችና አሎማን ከሩቅ ተመለከተቻት።

«ከቁርስ ጀምሮ እንዲህ ናት?»

«ውሃ እንኳ አልቀመሰችም» አለች ዶልሳ። «ይወስዷታል አይደል? እስር ቤት ያስገቧታል?»

«ገና ደረጃውን ሳልወጣ? አብሮኝ የመጣው ፖሊስ አጠገቧ ይቀመጥ። እሱም ሦስት ሴት ልጆች አሉት፤ ዝም ማለት ያውቅበታል። አንቺ ቁልፉን ያዢና ተከተዪኝ።»

«እኔ?»

«አንቺንም እጠረጥራለሁ። አጠገቤ ብትሆኚ ይሻለኛል።»

ዶልሳ ቁልፉን አነሳች።

ማማው ውስጥ ረሜይ አስከሬኑን ብዙም አላየችም። ማንደጃው ላይ ጎንበስ ብላ ከሰሉን በብዕሯ ጫፍ ገለባበጠችው።

«ግማሹ ሳይነድ ጠፍቷል» አለች። «እሳቱም እንደ ሰውየው ታፍኖ ነው የሞተው። ይህ ሁሉ ነፋስ እየገባ ቢሆን ኖሮ ነዶ ዐመድ ይሆን ነበር። መስኮቷን አንቺ ነሽ የከፈትሻት?»

«አይደለሁም። ተከፍታ ነው ያገኘኋት። ተዘግታ ባገኛት ግን መጀመሪያ የምከፍተው እሷን ነበር።»

«ለምን?»

«ሰው ሲሞት እንከፍታለን። ነፍስ መውጫ እንዳታጣ ነው። እናንተ ጋ አይደረግም?»

«እኛ ጋ አሳንሰር ነው የምንጠራው» አለች ረሜይ። ወዲያው ግን ፊቷ ከቀልዱ ተመለሰ። ወደ ተቃራኒው ግድግዳ ሄዳ በወፍራሙ ድንጋይ መካከል ያለች ቀጭን ክፍተት አየች። «ይቺስ?»

«የቀስት ቀዳዳ ናት። በጥንቱ ጦርነት ጊዜ የተሠራች። መዝጊያ ኖሯት አያውቅም።»

ረሜይ ጣቷን ሰደደችና ከሻካራው ድንጋይ ላይ የተያዘ ነጭ ጸጉር መዘዘች። ሱፍ ነበር።

«በግ እዚህ ድረስ ይወጣል?»

«በውጭ በኩል ጥንት ወታደሮች ይጠብቁበት የነበረ መተላለፊያ አለ። ሰው ይሄድበታል፤ በግ ግን…» ዶልሳ ሳታስበው ፈገግ ልትል ነበር፤ አፈረች።

«ትናንት ሌሊት ተኝተሽ ነበር?»

«እኔ መቼ ተኝቼ አውቃለሁ?»

«እንግዲያው የሰማሽውን ንገሪኝ። ሳትመርጪ።»

ዶልሳ ቀሚሷን እያፍተለተለች ነገረቻት። በየዓመቱ በዚያ ሌሊት የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይ ጋሼ ብራውሊ ለሙታን ሲደውሉ ያድራሉ፤ ከአባታቸው የወረሱት ሥራ ነው። እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ደወሉ ዝም አለ። ቀጥሎ እመቤቲቱ ዝም አለች። ነፋሱ ግን እንደዚያው ጣራውን እየደበደበ ነበር።

«ከዚያ ደወሉ ተመለሰ፤ እሷ ግን አልተመለሰችም። ልቤ ቆመ። ሄጄ የአሎማን ትንፋሽ አዳመጥኩ። ሊነጋጋ ሲል ደወሉ ደግሞ ዝም አለ፤ ወዲያው እሷ ማልቀስ ጀመረች። ማልቀሷ ደስ አለኝ። እብደት ነው፣ አውቃለሁ።»

«እብደት አይደለም» አለች ረሜይ፤ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «ለሌላ ሰው ነግረሽዋል?»

«ማን ይሰማኛል? ፈሪ ናት ብለው ይስቁብኛል።»

ማርሳልን ያገኙት በመንደሩ ማደሪያ ሻንጣውን ሲያሰናዳ ነው። ግንቡን ለጎብኚዎች ሊያዘጋጅ ከባርሴሎና የመጣ ረጅም ወጣት ነው።

«እየሸሸህ ነው?» አለችው ረሜይ።

«ምን እሠራለሁ? ሽማግሌው ከሌሉ ሥራው ቆመ። ግቢው መሃል ያለውን የድሮ የውሃ ጉድጓድ ሰኞ ልናስጠርግ ነበር። ከላይ ድንጋይ ተጭኖበታል፤ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው! ጓደኛቸው ደዋዩ ‹እመቤቲቱ እዚያ ተኝታለች፣ አትነካኳት› እያሉ ያስፈሯቸው ነበር። በመጨረሻ እሺ አሉኝ።»

«መቼ?»

«ትናንት፣ ለበዓሉ የካስታኛ ፍሬ ስንጠብስ። ሁሉም ሰው ባለበት። ሙታንን ማክበር ነው እንጂ መፍራት አይገባም አሉ። እኔማ ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝ!»

«አሁን የግንቡ ጉዳይ በማን እጅ ነው?»

ማርሳል ወደ ዶልሳ አገጩን ቀሰረ። «በእሳቸው። ብለምናቸው የሚከፍቱልኝ ይመስልዎታል? ጉድጓዱ አጠገብ ሲያልፉ እንኳ ያማትባሉ።»

ዶልሳ እየሰደባት እንደሆነ አልገባትም፤ የተናገረው እውነት ነበረ።

ጋሼ ብራውሊ ወጥ ቤታቸው እሳት ዳር የበግ ለምዳቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ሳል ያንፈራፍራቸዋል። ዶልሳን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ምስኪን ልጅ» አሉ። «ለአሎማ ንገሩልኝ፣ ማንም አይፈርድባትም። ልጅነት ነው፤ መስኮት መዝጋት ወንጀል አይደለም።»

«ብርዱ ክፉ አድርጎ መቶዎታል» አለች ረሜይ። «ያን የሚያህል ለምድ ለብሰው?»

«የደወሉ ቤት አራቱም በኩል ክፍት ነው፣ እመቤቴ።»

ጠረጴዛው ላይ ለሌሊቱ የተቀመጡት ሦስት ሳህኖች እስካሁን አልተነሱም። በየሳህኑ ጥብስ ካስታኛ፣ አጠገቡም ጣፋጭ የወይን ጠጅ አለ። በዚያ በዓል ማታ እያንዳንዱ ቤት ለሟቾቹ ቦታ ያዘጋጃል፤ ዶልሳም ማታ ለባሏ አስቀምጣ ነበር።

«ለማን ለማን ነው?» ጠየቀች ረሜይ።

«ለአባቴ፣ ለእናቴ…» ብለው ሳል ያዛቸው። «ሦስተኛው ለኤርመንጎል።»

«ባለቤትዎስ?»

«ሲክስታ ጥላኝ ፈረንሳይ ከሄደች ስንት ዘመኗ! እዚያ ባል አግብታ ትኖራለች።»

ረሜይ ከሦስተኛው ሳህን አንድ ካስታኛ አነሳች። አይጥ ሌሊቱን ዳሯን ቦጭቃታለች። መልሳ አስቀመጠቻት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ማማው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነስቷል። ወንበሩ ግን እዚያው ነው፤ ማንም ሊቀመጥበት አልደፈረም። ፖሊሱ አሎማን ደግፎ አመጣት፤ ዶልሳ የልጇን እጅ ያዘች፤ በረዶ ሆኗል። ማርሳል በሩ አጠገብ ቆመ። ጋሼ ብራውሊ ለምዳቸውን ሰብስበው ግድግዳ ተደገፉ። ነፋሱ በርትቷል፤ እመቤቲቱ ከቅርብ፣ ከጆሮ ሥር ታለቅሳለች።

«አሎማ» አለች ረሜይ፣ «አያትሽ በትራሙንታና መስኮቱን ይዘጉ ነበር?»

ልጅቷ ከንፈሯን አላቀቀች። «ሁልጊዜ። እኔም እንደ ወትሮው ነው የዘጋሁት።»

«ታዲያ ለምን ከዚህ በፊት አልሞቱም?» አሎማ ቀና አለች። «ምክንያቱም ይህ ክፍል ሌላ መተንፈሻ አለው። ማርሳል፣ ኮትህን አውልቅና ያችን ቀዳዳ ድፈናት።»

ማርሳል ግራ ተጋብቶ ኮቱን ጠቅልሎ የቀስቷን ቀዳዳ ደፈነ።

ለቅሶው ቆመ።

ነፋሱ ውጭ ይጮኻል፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ እመቤቲቱ ግን የለችም። ዶልሳ የገዛ ልቧን ምት ሰማች። ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችው ድምፅ በአንድ ኮት ተዘጋ።

«ትናንትም እንዲህ ነበር» አለች ረሜይ። «ዶልሳ ሰምታዋለች። ሁላችሁም ተኝታችሁ ሳለ እሷ ትፈራ ነበር፤ ስለዚህ ሰማች። አንድ ሰው በውጭው መተላለፊያ መጥቶ ቀዳዳዋን በበግ ለምድ ደፈናት። ሱፉ ድንጋዩ ላይ ቀርቷል። ከሰሉ አየሩን በላ። ሊነጋ ሲል ተመልሶ ለምዱን ወሰደ፤ ለቅሶው ተጀመረ። ለቅሶው ከመቆሙ በፊት የደወሉ ድምፅ ቆሟል። ከመመለሱ በፊትም ደወሉ ቆሟል። ማርሳል ሌሊቱን ሁሉ የትም ቢዞር ደወል ዝም ሊያሰኝ አይችልም።»

ሁሉም ወደ ደዋዩ ዞሩ።

«ካስታኛ ልበላ ወርጄ ነበር» አሉ ብራውሊ ቀስ ብለው።

«ሊሆን ይችላል። ለምዱን ከደረቡ በኋላ ወደ ቤትዎ ቢሄዱ ኖሮ ምንም አልነበረኝም። ልጅቷ መስኮት ዘግታ በአደጋ ሞቱ ብዬ እፈርም ነበር። እሷም ይህን ዕድሜዋን ሙሉ ተሸክማ ትኖር ነበር፤ ምናልባትም እስከ ዛሬ ማታ ብቻ። እርስዎ ግን ባልተቆለፈው በር ወደዚህ ገቡ። ጓደኛዎ መሞታቸውን አዩ። እጅዎ ከእርስዎ በፊት ወደ መስኮቷ ሄደ። የባርሴሎናው ልጅ ይህን አያደርግም፤ አያውቀውም። ነፍስ መውጫ እንዳታጣ የሚሰጋ የዚህ መንደር ሰው ነው።»

ብራውሊ ለምዳቸውን ይበልጥ ሰበሰቡ።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሦስተኛውን ሳህን አይጥ ሌሊት ቦጭቃዋለች። የተቀመጠው ማታ፣ ኤርመንጎል በሕይወት ሳሉ ነው። የዚያን ጊዜ ሦስተኛዋ ሟች ማን ነበረች? ሰኞ ጉድጓዱ ሲከፈት ማንን ነበር የምናገኘው?»

ረሜይ በምልክት አዘዘች፤ ማርሳል ኮቱን ሳበ። ለቅሶው ተመለሰ። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ጆሯቸውን ያዙ።

«ዝጉት!» አሉ። «ዝጉልኝ! ቀዳዳ ነው ትላላችሁ… ሲክስታ ናት። ጉድጓዱ ውስጥ ጥዬ ድንጋይ ጫንኩባት። እዚያ ሥር መስኮት የለም። ምን ልክፈትላት? በነፈሰ ቁጥር ውጭ ሆና ሳይሆን ውስጥ ሆና ታለቅሳለች። ኤርመንጎልን… እሱን እንኳ እንዲህ አላደርገውም አልኩ። ቢያንስ እሱ ይውጣ አልኩ።»

«ጓደኛህ ነበሩ!» አለች ዶልሳ። ዕድሜዋን ሙሉ ‹እርስዎ› ስትላቸው የኖረችውን ሰው አንተ ማለቷን እንኳ አላስተዋለችም። «ልጄን አይተሃት ነበር። ገደሉ አፍ ላይ ተቀምጣ አይተሃታል!»

«አንቺ ጉድጓዱን እንደማትከፍቺው አውቅ ነበር» አሉ ብራውሊ፣ ፊቷን ሳያዩ። «ትፈሪያለሽ ብዬ ነው።»

ዶልሳ የአሎማን እጅ ለቀቀች። ቀጥላ ቁልፎቹን ከወገቧ ፈትታ ለማርሳል ሰጠችው።

«ሰኞን አንጠብቅ» አለች። «አሁን ክፈተው።»

ሲክስታን ሳይመሽ አወጧት። ዶልሳ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው አየች። የደወሉ ገመድ ያለ ደዋይ ስለቀረ ለሟቿ የደወለላት ፖሊሱ ነው፤ አልቻለበትም፣ ማንም ግን አልሳቀም።

አሎማ ወጥ ቤት ገብታ ቆረስ አድርጋ ዳቦ ወሰደች። ቲማቲም አሸችበት፣ ዘይት አፈሰሰችበትና ቆማ በላች። ሁለተኛም ቆረሰች። ዶልሳ እያየቻት አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ብትናገር የምታቆም መሰላት።

«እማ» አለች ልጅቷ፣ አፏ እንደሞላ፣ «ሲክስታ ከወጣች እመቤቲቱ ዛሬ ታለቅሳለች?»

«ቀዳዳ ነው፣ ልጄ። ሰማሽ አይደል።»

«ሰምቻለሁ። ታለቅሳለች ወይ ነው ያልኩሽ።»

ዶልሳ ከልጇ ልብስ የዳቦውን ፍርፋሪ አራገፈችላት። ልጇን አስተኝታ የመኝታ ቤቱን መስኮት ገርበብ አደረገችው፤ ልትዘጋው እጇ አልታዘዝ አላት። ትራሙንታና ከግንቡ ወረደ። ከማማው ቀጭኑ፣ ያ የምታውቀው ድምፅ ተነሳ።

አዳመጠችው። ከሥሩ የአሎማን ትንፋሽ ሰማች። ለቅሶው እንዳይቆም እየለመነች ሳለ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳታስበው እንቅልፍ ወሰዳት።